ደንገላችንን ግብፅ ላይ አገኘሁት፦ ከባሕር ዳር የ9 ቀን ጉብኝት እንዴት ነበር?

ለቸኮለ ሰው መጀመሪያ ልናገር። ጉዞው ጥሩ ነው፣ አቅሙ ያለው ይሂድ። ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ፕሮግራሙን ይዛችሁ ቁጭ በሉና ሰዓት በሰዓት ጠይቁ። "ካይሮ፣ ሉክሶር፣ ሁርጋዳ፣ በረሃ" ተብሎ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፣ ሁሉንም አይተናል። ያልተጻፈው እያንዳንዱ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ እና ስንት ሰዓት ሱቅ ውስጥ እንደምትቀመጡ ነው። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፣ ደስታዬ ደግሞ ብዙ ቦታ ነው።

እኔ ጣና ላይ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ በጀልባ ይዤ ዘጌ እሄዳለሁ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አሳያለሁ፣ ክብራን ገብርኤል እወስዳለሁ፣ ሲመሽ ደብረ ማርያም በኩል ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አሳይቼ እመልሳለሁ። ሥራው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ስለዚህ ጉዞው የእኔ ሐሳብ አልነበረም። ውጭ ያለችው እህቴ ናት የከፈለችው፣ ለእማዬ ብላ። እማዬ ዕድሜ ልኳን "እመቤታችን የተሰደደችበትን አገር ሳላይ አልሙት" ስትል ኖራለች። ብቻዋን ስለማትሄድ እኔ አብሬ ተላክሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎብኚ ሆንኩ ማለት ነው። የጉዞ ወኪሉን ስም አልጽፍም፣ ቢሯቸው ሄጄ ሁሉንም በቃል ነግሬያቸዋለሁ።

ጥሩውን ላስቀድም። ቪዛውን ራሳቸው ጨርሰው ነው የሰጡን፣ አንድ ቀን አላመላለሱንም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሰው ቆሞ ጠበቀን። ሆቴሎቹ ንፁሕ ነበሩ። የመግቢያ ትኬት በሙሉ ተከፍሎ ነበር፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ቦታዎች ላይ የውጭ አገር ሰው ትኬት የሚገዛው በካርድ እንጂ በጥሬ ብር አይደለም። ዋጋውን አልጽፍላችሁም። በዶላር ተተምኖ በዕለቱ ምንዛሪ በብር ነው የሚከፈለው፣ ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ያሳስታችኋል።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ ካይሮ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ይኼው ነው። ዓባይ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚደርስበትን እኛ ቁርስ በልተን ለምሳ እንደርሳለን። እማዬ መስኮት ዳር ተቀምጣ ወደ ታች ስታይ ነበር። "ውሃው የት አለ?" ትለኛለች በየመሀሉ። ከታች አሸዋ ብቻ ነው የሚታየው፣ አሸዋ፣ አሸዋ፣ ከዚያ ድንገት አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር። ግብፅ ማለት ያቺ መስመር ናት። ሌላው በረሃ ነው።

የሄድነው ኅዳር 3 ነው፣ 2018 ዓ.ም.። ወቅቱን የመረጠችው እማዬ ናት፣ ምክንያቷን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ከአየሩ አንጻርም ጥሩ ምርጫ ነበር። ቀን ላይ ሞቅ ይላል፣ ማታ ግን ይበርዳል። እኛ በረሃ ሲባል ሙቀት ብቻ ስለመሰለን ግማሾቻችን ስስ ልብስ ይዘን ነው የሄድነው። ሹራብ ያዙ። እማዬ ጋቢዋን ይዛ ነበር፣ አውቶቡስ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀኑባት።

ጊዛ የመጀመሪያው ሙሉ ቀናችን ነበር። ስለ ፒራሚዶቹ ብዙ አልልም፣ ፎቶውን ሁላችሁም አይታችኋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ፎቶ አያሳያቸውም። ትልቁ፣ የንጉሥ ኩፉ የሚባለው፣ ሲሠራ 146 ሜትር ገደማ ነበር፣ አሁን ጫፉ ተሸርሽሮ 138 ሜትር አካባቢ ነው፣ 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋይ አለው ይባላል። ሥሩ ቆማችሁ የመጀመሪያውን ረድፍ ስታዩ አንዱ ድንጋይ ደረታችሁ ድረስ ይመጣል። ግቢው ውስጥ አሁን የኤሌክትሪክ አውቶቡስ አለ፣ ትልልቅ ሰዎች ሳይደክሙ ያዩታል። ወደ ፒራሚዱ ውስጥ መግባት ለብቻ ይከፈላል፣ ጥቅሉ ውስጥ የለም። መንገዱ ጠባብና ጎንበስ ተብሎ የሚወጣ ስለሆነ ጉልበት ለሚያማቸው እናቶች አይሆንም። ግመል የያዙት ሰዎች ደግሞ ራሳችሁ ላይ ሻሽ ጠምጥመው "ስጦታ ነው" ይሏችኋል። ስጦታ አይደለም። "አመሰግናለሁ" ብላችሁ መልሱና መንገዳችሁን ቀጥሉ።

ከዚያ አዲሱ ታላቁ የግብፅ ሙዚየም። እዚያው ፒራሚዶቹ አጠገብ ነው፣ እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀን በፊት ነበር በይፋ የተመረቀው። የጥንቱ ንጉሥ የቱታንክሃሙን መቃብር እ.ኤ.አ. በ1922 ከተገኘ ወዲህ ዕቃው በሙሉ አንድ ላይ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ከ5,000 በላይ ዕቃ። ስትገቡ የንጉሥ ራምሴስ 2ኛ ሐውልት ቆሞ ይቀበላችኋል፣ 11 ሜትር ድንጋይ። እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ ነው። የኩፉ መርከብ። ከዝግባ እንጨት የተሠራ፣ 43 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ከፒራሚዱ ሥር ተቀብሮ የተገኘ። ፊቱና ኋላው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልክ እንደ ታንኳ፣ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል እንደሚታሰረው ጀልባችን። ቆሜ ቀረሁ። ጣና ላይ ጠዋት ጠዋት ታንኳ ሲመጣ ከሩቅ የማየው ቅርጽ ነው። ለአስጎብኚው ስነግረው ሳቀና "ትክክል ነህ፣ እንጨት ነው ግን የተሠራው የደንገል ጀልባን መስሎ ነው" አለኝ። ተጨማሪ ልጠይቀው ስል ሰዓቱን አየ። ለሙዚየሙ የተሰጠን አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል! እዚያ ቤት ሁለት ቀን ቢሰጣችሁም አትጨርሱትም። ከዚያ የት ሄድን? ሽቶ ቤት። ከሽቶ ቤት የት? ፓፒረስ ቤት፣ የጥንቱ ግብፃውያን ወረቀት የሚሸጥበት። ሁለቱ ሱቆች ላይ በድምሩ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆየን፣ ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ። እኔ ሥራውን አውቀዋለሁ። አስጎብኚ ከሱቅ ኮሚሽን እንደሚያገኝ እኛም አገር ያለ ነገር ነው፣ ሰው መኖር አለበት፣ በዚህ አልፈርድም። ግን የእንግዳውን ሰዓት ወስደህ መሆን የለበትም። እናቴን የሚያክል ሰው ዕድሜ ልኩን የተመኘውን አገር ለማየት መጥቶ ሽቶ ጠርሙስ ፊት ማስቀመጥ ያሳዝናል። ወኪሉ ይህን ያውቃል፣ ፕሮግራሙ ላይ ግን "ባህላዊ የእጅ ሥራ ጉብኝት" ብሎ ነው የጻፈው። ይህችን ሐረግ ካያችሁ ሱቅ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ፓፒረስ ቤቱ ውስጥ የሆነውን በምንም አልቀይረውም።

ሻዩን አቀረቡልን፣ አንድ ወጣት ሻጭ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ግንድ አስቀመጠ። በቢላ ቆረጠው። ሦስት ማዕዘን ነው፣ "እንደ ፒራሚድ" አለ። ልጣጩን ገፈፈ፣ ነጩን ውስጡን በስሱ እየሰነጠቀ አወጣ፣ በመዶሻ ቀጠቀጠ፣ በመዳመጫ ዳመጠው። ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ አንዱ በቁመት አንዱ በአግድም ይደረደርና በክብደት ይጫናል። ሙጫ የለውም፣ የራሱ ፈሳሽ ነው የሚያጣብቀው። ያን ሁሉ ሲያብራራ እማዬ ከተቆረጠው ቁራጭ አንዱን አነሳች፣ አሸተተችው፣ በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

"ደንገል ነው እኮ!" አለች ጮክ ብላ።

እኔም እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳት። ያ ሽታ፣ ታንኳ ሲታሰር ሐይቁ ዳር የሚሸት እርጥብ የሣር ሽታ። ሻጩ "ይህ ተክል የግብፅ ነው" ብሎ ነበር የጀመረው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየሁት። ማገዶ ጭኖ ከዘጌ የሚመጣ ታንኳ፣ ቀዛፊው ከላይ ተቀምጦ። ልጁ አፉን ይዞ ቀረ። ጓደኞቹን ጠራ። ሦስት አራት ሆነው ስልኬ ላይ ተደፉ። እንዴት ነው የሚታሰረው? ስንት ጊዜ ይቆያል? አይሰምጥም? አስረዳኋቸው። ደንገሉ ታጭዶ እንደሚደርቅ፣ እንደሚታሰር፣ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ እየወጣ ፀሐይ እንደሚሰጣ፣ ብዙም ሳይቆይ በአዲስ እንደሚተካ፣ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ይዘውት እንደመጡ። ግብፅ ውስጥ ተክሉ ከዱር ሊጠፋ ደርሶ ነበር፣ አሁን ያለው አብዛኛው ለሱቅ ተብሎ የሚተከል ነው። እኛ ጋ ያለው ሰው ግን ዛሬም በእሱ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያጠምዳል።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ባሕር ዳር ያለ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ላሳይ ብሎ ተነሳ። ደንገሉን ያስቆረጠው ከጣና ነው። ከእኛው ሐይቅ ተቆርጦ፣ ተጭኖ ጊዛ ድረስ ሄዶ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ አሸዋው ላይ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች እጅ ጀልባ ሆነ። ስሙን "ራ" አለው። የመጀመሪያው ሳይደርስ ቀረ። በዓመቱ ሁለተኛውን ሠርቶ ከሞሮኮ ተነስቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻግሯል ማለት ነው። እንግዶቼን ሁሉ ይህን እነግራቸው ነበር፣ እኔ ራሴ ግን ጀልባው የተሠራበት አሸዋ አጠገብ ቆሜ አላውቅም ነበር። አስጎብኚው ደግሞ ታሪኩን አያውቀውም፣ አውቶቡስ ውስጥ ማይክራፎኑን ሰጠኝና በአማርኛ ለሁሉም ተናገርኩ።

ከፓፒረሱ አንድ ሉህ ገዛን። ብትገዙ ከሱቅ ግዙ፣ መንገድ ላይ የሚዞረው ብዙ ጊዜ ከሙዝ ቅጠል የተሠራ ነው፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ዋጋውን ደግሞ በግማሽ ጀምሩ።

አሁን ወደ እማዬ ምክንያት። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከስደት የተመለሰችበት መታሰቢያ። እማዬ ጽጌን እዚያው ጾማ ጨረሰች፣ እስከ ኅዳር 5። በነገራችን ላይ ለጾመኛ ግብፅ ምንም አያስቸግርም። ፉል ቁርስ ላይ አለ፣ ጣዕሚያ የሚባል የባቄላ ጥብስ አለ፣ ኮሻሪ የሚባል ሩዝ፣ ምስር፣ ፓስታና ሽምብራ ተቀላቅሎ በቲማቲም ስጎና በተጠበሰ ሽንኩርት የሚቀርብ ምግብ አለ፣ ምንም የፍስክ ነገር የለበትም፣ ያጠግባል፣ ርካሽ ነው። እማዬ "ሽሮ ቢኖረው ምን ነበረበት" ብትልም ሳህኑን አጽድታ ነው የበላችው።

ፕሮግራሙ ላይ አሮጌው ካይሮ የተያዘው ለኅዳር 5 ነበር። ለ6 ደግሞ ገበያ፣ ኻን ኤል ኻሊሊ። ወኪሉ ጋ ደወልኩ፣ አይቀየርም አሉ። አስጎብኚውን ለመንኩት። ግብፃዊው ሰውዬ ለምን እንደሆነ ሲገባው ምንም ሳይል ሁለቱን ቀናት አቀያየረልኝ። ከቡድኑ አንድም ሰው አልተቃወመም፣ አሥራ አራት ነበርን፣ እንዲያውም "እማማ እኛም ይድረሰን፣ አብረን እንሳለማለን" አሏት።

በጠዋት ነጭ ልብሷን ለብሳ ተነሳች። መጀመሪያ የተንጠለጠለችው ቤተ ክርስቲያን ገባን። እንዲህ የተባለችው በጥንቱ የሮማውያን ምሽግ በር ላይ ስለተሠራች ነው፣ ወለሉ የተወሰነ ቦታ ላይ ተከፍቶ በመስታወት ወደ ታች ይታያል። ጣሪያዋ የኖኅን መርከብ ይመስላል። የመቅደሱ መጋረጃ ግድግዳ በጥቁር እንጨትና በዝሆን ጥርስ የተሠራ ነው፣ ሥራው ዓይን ይይዛል። ከዚያ ወረድ ብሎ አቡ ሰርጋ፣ ቅዱሳን ሰርግዮስና ባኮስ። እመቤታችን ከልጇና ከዮሴፍ ጋር ያረፈችበት ነው የሚባለው ዋሻ ከሥሩ ነው።

እማዬ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ኮፕቶቹ፣ የግብፅ ክርስቲያኖች፣ በጫማ ነው የሚገቡት፣ ወንበርም አላቸው። ጠባቂው በእጁ "ግድ የለም፣ ግቢ" አላት። አልሰማችውም። በባዶ እግሯ ድንጋዩን ተሳልማ ገባች። አንዲት ግብፃዊት ሴት፣ በእማዬ ዕድሜ ያለች፣ ይህን አየችና ጎንበስ ብላ የእማዬን ጫማ አነሳች። እስክንወጣ ድረስ ደረቷ ላይ ይዛው ቆመች። ስንወጣ ተሳሳሙ። አንዷ አማርኛ፣ አንዷ ዓረብኛ፣ ማርያም የሚለው ቃል ብቻ ነበር የጋራቸው። እኔ ላስተረጉም አልሞከርኩም።

ጳጳሶቻችን ለ1,600 ዓመት ገደማ ከዚህ አገር ይመጡ እንደነበር እናውቃለን። ጣና ቂርቆስ ላይ ደግሞ እመቤታችን በስደቷ ጊዜ አርፋበታለች ተብሎ ይነገራል፣ እኔ ራሴ ስንት እንግዳ ወስጄ ተርኬዋለሁ። ዋሻው ፊት ቆሜ ግን የትረካው ሌላኛው ጫፍ እዚህ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ።

ከሰዓት በኋላ ነፃ ጊዜ ነበር፣ ሌሎቹ ወደ ሆቴል ተመለሱ። እኔና እማዬ ታክሲ ያዝን። ሮዳ የምትባል ደሴት አለች፣ ከአሮጌው ካይሮ ቅርብ። እዚያ የዓባይ መለኪያ አለ። ማንም ጥቅል ውስጥ አያስገባውም፣ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ ጥልቅ የድንጋይ ጉድጓድ ነው። መሀሉ ላይ ስምንት ጎን ያለው የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል፣ ክንድ በክንድ ምልክት ተደርጎበት። ከወንዙ በሦስት ቦይ ውሃ ይገባለት ነበር። በየዓመቱ ክረምት ላይ ውሃው ሲወጣ ይለኩታል። 16 ክንድ ከደረሰ ጥጋብ ነው፣ ካነሰ ረሃብ፣ ከበዛ ጎርፍ። የዓመቱ ግብር የሚተመነው ከዚያ ተነስቶ ነው። አስዋን ላይ ትልቁ ግድብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ጎርፉ ቀርቷል፣ ዛሬ ጉድጓዱ ደረቅ ነው።

እማዬ ደረጃውን አልወረደችም፣ ከላይ ሆና አጥሩን ይዛ ታያለች። እኔ ወርጄ ዓምዱ አጠገብ ቆምኩና ወደ ላይ አየሁ። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛ ተራሮች የሚሄድ ነው። እዚህ ነሐሴ ላይ ጣሪያችን ላይ ሲወርድ የሚያስመርረን ዝናብ፣ ጭቃው፣ የሚደፈርሰው ዓባይ፣ ሁሉም እዚያ ዓምድ ላይ በክንድ ተለክቶ ነበር። "እማዬ፣ ይሄ የእኛ ክረምት መለኪያ ነው" አልኳት ከታች ሆኜ። ትንሽ ዝም አለችና "ጎጃምን አይተው ሳያውቁ ስንቱን ዓመት ሲጠብቁን ኖረዋል" አለች።

"ኢትዮጵያውያን መሆናችሁን ሲያውቁ እንዴት ሆኑ?" ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም፣ የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 በተመረቀ በሁለት ወሩ ስለሄድን። አንድም ሰው አላስቀየመንም። "ሐበሻ!" ብለው ይስቃሉ፣ እማዬን "ሀጋ" እያሉ (ለትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው) እጇን ይዘው መንገድ ያሻግሯታል። የታክሲው ሹፌር ብቻ ስለ ግድቡ አነሳ። ውሃው እንዳያንስ እንደሚፈራ በቀጥታ ነገረኝ። እኔም ባሕር ዳር መብራት ሲጠፋ እንዴት እንደምንሆን ነገርኩት። አልተስማማንም፣ አልተጣላንምም። ስንወርድ ለእማዬ በሩን ከፈተላት።

ሉክሶር በአገር ውስጥ በረራ ሄድን። ከጥቅሉ ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው። ምክንያቱም የእዚያ አስጎብኚያችን። በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው፣ ብዙ አያወራም። ካርናክ ስንገባ 134 ዓምዶች ያሉበት አዳራሽ መሀል አቁሞን "አምስት ደቂቃ ወደ ላይ ብቻ እዩ" አለ። ፎቶ አታንሱ አለ። እኔ ይህን ነገር ከዚህ በኋላ ዑራ ላይ አደርገዋለሁ፣ ሥዕሎቹ ፊት ዝም ብዬ አቆማቸዋለሁ። መሀል ላይ ያሉት 12ቱ ትልልቆች 21 ሜትር ገደማ ናቸው። ቀና ስል ጫፋቸው የተከፈተ አበባ ነው። የሌሎቹ 122 ደግሞ ያልተከፈተ እምቡጥ። የምን አበባ እንደሆነ ጠየቅሁት። ፓፒረስ አለኝ። አዳራሹ በሙሉ ዓለም ስትፈጠር የነበረ የደንገል ረግረግ ነው አለ። እማዬ ጋ ዞሬ "ይሄም ደንገል ነው" አልኳት። "በድንጋይ?" አለች። ሄዳ አንዱን ዓምድ ዳሰሰችው፣ ሥሩ ላይ ቅጠሉ ተቀርጿል።

ማዶ፣ በስተምዕራብ በኩል፣ የነገሥታት ሸለቆ ነው። ከ60 በላይ መቃብር አለ፣ አንዱ ትኬት ሦስት ያስገባል፣ የቱታንክሃሙን ለብቻ ነው። ቀለሙ አሁን የተቀባ ይመስላል። ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ በጠዋት ሂዱ። ከዚያ የንግሥት ሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ። እዚያ ግድግዳ ላይ ፑንት ወደሚባል የጥንት አገር የላከችው የመርከብ ጉዞ ተቀርጿል፣ የከርቤ ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት ተሸክመው ሲጭኑ። ፑንት የት እንደነበረ ሲከራከሩ ይኖራሉ፣ አብዛኞቹ ምሁራን ግን ወደ እኛ ቀጣና፣ ወደ ቀይ ባሕር ደቡብ ነው የሚያመለክቱት። ሽማግሌው አስጎብኚ እማዬን ግድግዳው ፊት አቆማትና "ሀጋ፣ ይሄ የእናንተ ቤት ነው" አላት። እንደዚህ ያለ ሰው ከሱቅ ኮሚሽን ሳይሆን ከእኛ ጉርሻ ይገባዋል፣ ሁላችንም አዋጥተን ሰጠነው።

ሁርጋዳ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻው ያምራል፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ በጀልባ ወጥታችሁ ዓሣውንና ኮራሉን ታያላችሁ። ዳርቻው አብዛኛው የሆቴሎች ስለሆነ እንደኛ ሐይቅ ዳር ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። እማዬ እግሯን ነክራ፣ ውሃውን ቀምሳ ተፋችው። ለወጣቶች ደስ ይላል። እኔ ካለው ዘጠኝ ቀን ሁለቱን እዚህ ማጥፋት አይገባም ባይ ነኝ።

"የበረሃ ሳፋሪ" የተባለው ግን የጉዞው መጥፎው ክፍል ነው። ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ አስቀምጠው፣ አቧራ ለአቧራ በሰልፍ አዙረው፣ ድንኳን ውስጥ ሻይ አጠጥተው መለሱን። እማዬና ሁለት ሌሎች እናቶች በአሮጌ መኪና ተወስደው ሁለት ሰዓት ብርድ ላይ ጠበቁን። ለእነሱ ምንም አልተዘጋጀም። በረሃውን የሰማሁት ሞተሮቹ ከጠፉ በኋላ ነው፣ ለአሥር ደቂቃ፣ ኮከቡ ወጥቶ። ያን አሥር ደቂቃ ሁለት ሰዓት ቢያደርጉት ኖሮ ምንም አልከፋም ነበር።

በጣም የቆጨኝን ልንገራችሁ። ከሁርጋዳ ወደ ካይሮ ስንመለስ መንገዱ ቀይ ባሕርን ይዞ ነው የሚሄደው። በዚያ መስመር ላይ ወደ ተራራው ገባ ብለው የአባ ጳውሊና የአባ እንጦንስ ገዳማት አሉ። የመነኮሳት ሁሉ አባት የምንለው እንጦንስ! የጣና ገዳማት ሥርዓት ሥሩ እዚያ ነው። መገንጠያውን የሚያሳየውን ምልክት ሳይ ሹፌሩን ለመንኩት። ሰዓት የለም፣ አውሮፕላን ያመልጠናል አለ። እውነቱን ነው፣ ፕሮግራሙ አልተያዘለትም። እማዬ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወደ ተራራው ዞራ ሰገደች። አውቶቡሱ ፀጥ አለ። የሞተር ሳፋሪውን ሰርዘው ያን ቀን እዚህ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?

ስመለስ ቢሯቸው ሄጄ ይህንኑ አልኳቸው። ሱቆቹን አንድ አድርጉ፣ ሙዚየሙን ሙሉ ቀን ስጡ፣ የሮዳን መለኪያ አስገቡ፣ ሳፋሪውን በእንጦንስ ተኩ፣ እድሜያቸው የገፋ ሰዎች ካሉ አስቀድማችሁ አስቡላቸው። ልጅቷ ሁሉንም ጻፈች። "አባላቱ በቂ ከሆኑ ለሚቀጥለው ኅዳር አስዩት አጠገብ ያለውን የቁስቋም ገዳም ጨምረን እናዘጋጃለን" አለችኝ። ቃል አልገባችም፣ እኔም ቃል ብዬ አልጻፍኩትም። እማዬ ግን ከጎኔ ሆና ስትሰማ ቆይታ ፓስፖርቷን ከቦርሳዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ስሜን አሁኑኑ ጻፊው፣ ልጄ" አለቻት።